የጋሼ ሽታው አስታማሚ

የሐይቅ ከተማ ሰው የሀሚዱን ልጅ የሙጂባን ሥራ ወስኖላት ጨርሶ ነበር። ያልወሰነችው ራሷ ብቻ ናት። የሚኒባስ ረዳቱ፣ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ ጎረቤቷ መስኡዳ፣ ሁሉም ባገኟት ቁጥር «ሲስተር» ይሏት ጀመር። ገና የኮሌጅ ደጅ ሳትረግጥ ሹመቱ ቀደማት። የእኛ አገር ሰው ሲወድህ አይጠይቅህም፤ ዝም ብሎ ይሾምሃል።

ምክንያት አላቸው። ሙጂባ ትምህርቷን አስረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ጂዳ ሄዳ፣ አልጋ የያዘች አሮጊት ለዓመታት አስታማለች። ስታገላብጣት፣ ስታጥባት፣ ኪኒኗን በሰዓቱ ስትሰጣት ኖራ፣ አሮጊቷ ስትሞት ወደ አገሯ ተመለሰች። አሮጊቷ ክፉ አልነበረችም። በመጨረሻው ሰሞን የሙጂባን እጅ ይዛ ዱዓ አድርጋላታለች፤ ሙጂባ ያን ስታነሣ ዛሬም ዓይኗ እንባ ያቀራል። «በሰላም አገሬ ያስገባኝ የእሷ ዱዓ ነው» ትላለች። ሐይቅ ከገባች በኋላ ቀን እናቷን እያገዘች፣ ማታ ማታ እየተማረች አስራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ፈተናውንም አለፈች። ውጤቱ የመጣ ዕለት እናቷ ዋሲላ ሱጁድ ወረደች፤ ግንባሯን ከመሬት ያነሣችው ጎረቤት ለእልልታ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አባቷ ሀሚዱ ደግሞ ከጀልባው ሳይወርድ ወሰነ።

«ነርስ ትሆኛለሽ» አላት መረቡን እያራገፈ። «ደሴ ያለው የጤና ኮሌጅ ምዝገባው ሳይዘጋ ሂጂ። በሽተኛ ማገላበጥ ለምደሻል። ትዕግሥት አለሽ። የታዘዝሽውን ትሠሪያለሽ። ነርስ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋታል?»

ሙጂባን የከነከናት ይቺ የመጨረሻዋ ናት። የታዘዝሽውን ትሠሪያለሽ የምትለዋ።

ጂዳ ሳለች ብዙ ዐረብኛ ተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ነበር፤ «ሃዲር»። እሺ፣ እንዳላችሁ ማለት ነው። ከገበታ ሲያስነሷት ሃዲር፣ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሷት ሃዲር፣ ለአሮጊቷ የማይስማማ ነገር ስጫት ሲሏትም ሃዲር። አንድ ቀን ተሳስታ የተሰማትን ብትናገር የምትጠየቀው እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ዓመታት ተምራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ያንኑ ቃል በአማርኛ ልትል? ልቧ ያለው ሱቅ ላይ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ፣ ሻርፕና አባያ የተሰቀለባት ጠባብ ሱቅ፣ ውስጧ የራሷ ወንበር። የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ያልፋል፣ ማንም በደወል አይጠራትም።

ይህን ለአባቷ አልነገረችውም። ሀሚዱ የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሙቱን የሚቀብርበት፣ በሽተኛውን የሚሸከምበት ማኅበር ነው፤ የቅሬ ዳኛ ቃል ደግሞ በመንደሩ ሁለቴ አይነገርም። ልጁ ልትከራከረው እንደምትችል ሀሚዱ አስቦትም አያውቅ። ሙጂባም አላሰበችውም ነበር።

እንዲህ ስታመነታ ነው ጋሼ ሽታው በቃሬዛ የወረደው።

ሽታው የአምባሰል ገበሬ ነው፤ የሀሚዱ የልብ ወዳጅ። ወዳጅ ያደረጋቸው አሳ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። በእኛ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን ሐዘኑንም ሠርጉንም አንድ ላይ ይውላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ቢላዋ ዘወር ይላል። አሳ የማንንም ቡራኬ አይጠብቅም፤ ከውሃው ከወጣ የሁሉም ነው። ስለዚህ ሽታው ለገበያ በወረደ ቁጥር ሀሚዱ ከጀልባው የቀረችውን ቆሮሶ አሳ አስጠብሶ፣ ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። ሽታው እሾሁን እየለቀመ ለሀሚዱ ያጎርሰዋል፤ ሀሚዱም እንዲሁ። ለሌላው ሰው ተራ ምሳ ነው። ለእነሱ ግን ዘመድነታቸው ያለው እዚያ ትሪ ላይ ነው።

ሽታውን የጣለው የሐሞት ጠጠር ነው። ሕመሙ ሲቀስፈው የመንደሩ ሰው ጡሩምባ ሰምቶ ወጣ፤ በቃሬዛ አድርገው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ መኪና መንገድ አደረሱት። ለዚህ ማንም አልተለመነም። እዚህ አገር መወለድ ችግሩ ብዙ ነው፤ ቁልቁለቱን በሰው ትከሻ ለወረደ በሽተኛ ግን ከዚህ የሚሻል አገር የለም።

ደሴ ያለ ሆስፒታል አስተኙት፤ በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ተባለ። አስታማሚ ያስፈልጋል። የሽታው ሚስት በሕይወት የለችም፤ ልጆቹ ሩቅ አገር ናቸው። ሀሚዱ ወደ ልጁ ዞረ፤ ሙጂባም እሺ አለች። በዚህኛው እሺታ ግን ቅር አላላትም። ጂዳ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ፣ እንደ ሴት አልቅሶ የሸኛት ሽታው ነበር።

ክፍሉን የምትይዘው ነርስ ሲስተር ሙሉአለም ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታነሣ፣ ስትራመድ ግን ኮሪደሩን የምታስጮህ ሴት ናት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሽታውንም ሙጂባንም አንድ ላይ ነገረቻቸው፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ውሃም የለም። ሽታው ለምን አላለም። ሙጂባም አልጠየቀችም፤ የታዘዘችውን መስማት ለምዳለች።

ጧት ሲስተር ለቀዶ ሕክምናው የጎደለ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ እንድትገዛ ላከቻት። ሙጂባ ተመልሳ በሩን ስትከፍት የአሳ ጠረን ተቀበላት። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣው። ጭኑ ላይ ያለውን ምሳ ዕቃ በጋቢው ሸፍኖታል። ሽታው ጢሙን በመዳፉ ይጠርጋል፤ ፊቱ ላይ ከመጣ ጀምሮ ያልታየ እፎይታ አለ።

«አባባ፣ ምን አበሏቸው?»

«ምንም» አለ ሀሚዱ። ልጁ ዓይኗን አልነቅል ስትለው ግን ወረደ። «ሾርባ ነው። ከሾርባው ጋር ትንሽ አሳ። ሰው ባዶ ሆዱን ለቢላዋ ይሰጣል እንዴ? ጉልበት ከየት ያምጣ?»

«ከሌሊት ጀምሮ እንዳይቀምሱ ተብሏል እኮ።»

«እነሱ ይላሉ። ሁለት ጉርሻ ናት። ዝም በይ፣ እዚችው ትቅር።»

ሽታውም ለመናት። «ልጄ፣ ይቺ ተራ ካለፈችኝ መቼ ልትደርሰኝ ነው? ይህን ሕመም ሌላ ሌሊት አልችለውም። ስለ እግዜር ብለሽ።»

ሲስተር ሙሉአለም አልጋ ገፊውን አስከትላ ገባች። «አባ ሽታው፣ ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«ምንም» አለ ሽታው፣ ጣሪያውን እያየ።

«ምንም» አለ ሀሚዱም፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሲስተር ወደ ሙጂባ ዞረች።

አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ የትም አገር ቀላል አይደለም። እንኳንስ የቅሬ ዳኛን፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀን፣ ቃሉ እንደ ማኅተም የሚታመንን ሰው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሙጂባም ያደገችው በዚህ ተረት ነው። ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም። አባቷ ይከበራል፣ ሽታው ተራው አያልፈውም፣ ሁሉም ደስ ብሎት ያድራል። ሽታውን አየችው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አፏን ይጠብቃል።

«በልተዋል፣ ሲስተር» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «አሁን ነው። አሳ በልተዋል። አባቴ ናቸው ያበሏቸው።»

ሲስተር አልተቆጣችም። ለሐኪሙ ደወለች፤ ተራው ለነገ ተላለፈ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀምጣ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አስረዳቻቸው። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል። የበላው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቢላዋው ገና ሳይነካው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ሀሚዱ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ምሳ ዕቃውን አነሣና ወጣ። ሙጂባ ኮሪደሩ ድረስ ተከትላ «አባባ» አለችው። አልዞረም።

ያን ቀን ደረጃው ሥር ቆማ አለቀሰች። ያለቀሰችው አባቷን ስላዋረደች ብቻ አይደለም። ማታ «ለምን?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱን ለአባቷ ነግራው ቢሆን፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሰማችውን ትእዛዝ ተሸክማ ተኛች እንጂ ምክንያቱን አልያዘችም።

ስለዚህ ሲስተር ሙሉአለም ተመልሳ፣ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ በደም ሥሩ ከሚገባው ግሉኮስ በቀር ጠብታ እንዳይቀምስ ስትል፣ ሙጂባ እንባዋን ጠርጋ «ለምን?» አለች። ሲስተር ሳትሰለች ነገረቻት፤ ምግብ በተለይም ቅባት ሲገባ ሐሞቱ ይጨመቃል፣ ጠጠሩም ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል።

ዋናው ጣጣ ገና ነበር። ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ የሚለውን ሐይቅም አምባሰልም ሰማ፤ ከቀትር በኋላ ጠያቂው ጎረፈ። የወሎ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ያመጣውንም ሳያቀምስ አይመለስም፤ ካልተቀመሰለት ይቀየማል። በሩ ላይ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁሉም አነበበው፣ ሁሉም ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መሰለው።

መጀመሪያ የደረሰችው መስኡዳ ናት፤ ቅቤ ያጥለቀለቀው ገንፎ ይዛ። መስኡዳን እምቢ ያለ ሰው በሐይቅ ከተማ እስካሁን አልተገኘም። ሙጂባ በሩ ላይ ቆማ ገንፎውን በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ያረቢ፣ እንዴት ያለ ገንፎ ነው» አለች። «እትዬ መስኡዳ፣ ጋሼ ሽታው ዛሬ ከቀመሱ ነገ አይነሱም። እርስዎ ይብሉላቸው።»

«እኔ?»

«እርስዎ። በስማቸው ይብሉና ይመርቋቸው። ገንፎው ለእርስዎ፣ ምርቃቱ ለእሳቸው ይግባ።»

መስኡዳ ትቀልጃለሽ ወይ ብላ አየቻት። ሙጂባ አትቀልድም። በወሎ ደግሞ በምርቃት የሚቀልድ የለም፤ ከገንፎና ከምርቃት የትኛው ይበልጣል ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱን ያውቀዋል። መስኡዳ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። በጎረሰች ቁጥር መዳፏን ትዘረጋለች። «አላህ ያሽርህ። ጠጠሩን እንደ ጨው ያሟሟልህ። ዳገትህን በእግርህ ያስወጣህ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚሁ ሕግ ገባ። የአምባሰል ገበሬዎች ዳቦአቸውን ቆርሰው ለክፍሉ አደሉ፤ «እግዜር ይማርህ» እያሉ በሉለት። ከአጠገቡ ላለው በሽተኛ አስታማሚ የሆነች አንዲት ሴት ነበረች፤ ከሩቅ የመጣች፣ ጠያቂ የሌላት፣ እህል ከቀመሰች የቆየች። እሷም ተጠርታ ስለ ሽታው በላች፤ ጠግባም አመሰገነች። ሽታው ብቻ ጦሙን ዋለ።

«ሰዎች» አለ ከአልጋው፣ «በዕድሜዬ እንዲህ ተበልቶልኝ አያውቅም።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሊስቅ ሲል ሆዱን ያዘ።

ጠያቂው ሲበተን ሲስተር ሙሉአለም ግሉኮሱን ልትቀይር መጣች። ሙጂባ ዓይኗን ከእጆቿ አልነቀለችም፤ ጠብታውን እንዴት እንደምትለካ፣ ሌላ እጇ የሽታውን የልብ ትርታ ሲፈልግ፣ ከንፈሯ በዝግታ ሲቆጥር። ሁለቱንም ነገር አንድ ጊዜ እየሠራች ሽታውን ስለ በሬዎቹ ትጠይቀዋለች። ሙጂባ ሆዷ ውስጥ ያለው ጥያቄ አላስችል አላት።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ሥራ ግርድና ነው?»

ሲስተር የግሉኮሱን ከረጢት አስተካክላ ሰቀለች። «ግርድናውም አለበት» አለች። «ሽንት እደፋለሁ፣ ትውከት እጠርጋለሁ። እግሬ ያብጣል። ሰው በዓል ሲያከብር እኔ እዚህ ነኝ። ደሞዙ ሳይመጣ ያልቃል። ይህን ደብቄሽ ተማሪ ብልሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሠሪዋለሽ?»

«እኔም ልጠይቅሽ። ጧት ዝም ብትዪ ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?»

«ማንም» አለች ሙጂባ። «እኔ አስታማሚ ነኝ።»

«እኔ ዝም ብል ግን እጠየቃለሁ። ሐኪሙ ተሳስቶ ቢያዝና ዝም ብዬ ብሰጥ፣ አዝዞኝ ነው ብዬ አላመልጥም። አይሆንም ማለት ሥራዬ ነው። አንዳንድ ቀን ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው፤ የምወደውም እሱ ነው።» መርፌውን አስተካክላ ቀና አለች። «ግን ድፍረት ብቻውን አይበቃም። ዛሬ አፍንጫሽ አተረፋቸው። ነገ ጠረን የሌለው ስሕተት ይመጣል። እሱን ለማየት መማር ነው።»

ጂዳ የምትጠየቀው ከተናገረች ነበር። ዝም ያለ የሚጠየቅበት ሥራ በዓለም ላይ እንዳለ የሰማችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሱቁ ለማሰብ ሞከረች፤ ሻርፖቹ ተሰቅለው ታዩዋት፣ ወንበሩም ታያት፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ግን ሌላ ሴት ነበረች።

በማግሥቱ ሽታው ገባ፤ በሰላም ወጣ። የወጣለትን ጠጠር በብልቃጥ ሲያሳዩት አገላብጦ አየና «ይህን ተሸክሜ ነው ለካ ስታርስ የኖርኩት» አለ። ሙጂባ አልሐምዱሊላህ ስትል ሽታው ተመስገን አለ። ያን ሰሞን ማመስገኛ ቃል አልበቃት አለ። ለሲስተር፣ ለተሸካሚዎቹ፣ ለዚያች ጂዳ ለቀረች አሮጊት ሳይቀር፤ እጇን በሽተኛ ያስለመደቻት እሷ ናትና።

ሀሚዱ ግን ወደ ሆስፒታሉ ዝር አላለም። ዋሲላ ስትመጣ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች፤ ስትዋሽ ዓይኗ ይሰበራል። የኮሌጁ ምዝገባ ሊዘጋ ነው። ሙጂባ ወስናለች። አባቷን በሰው ፊት ያዋረደች ልጅ አሁን ልማር ብትለው ምን እንደሚመልስ ግን አታውቅም። ያለ እሱ ምርቃት ደግሞ እግሯ እንደማይነሣ ታውቃለች።

ሽታው ከሆስፒታል ሲወጣ ዳገቱ ገና አይቻለውምና ሐይቅ ሀሚዱ ቤት አረፈ። የአምባሰልም የሐይቅም ሰው እንኳን አተረፈህ ሊለው ተሰብስቦ ቤቱ ሞላ። ሀሚዱ ዳኛ ነውና ዱዓውን ይከፍታል ተብሎ ተጠበቀ። እሱ ግን ተነሥቶ ቆመ።

«መጀመሪያ የምናገረው አለኝ» አለ። «ወንድሜን በዚህ እጄ እያጎረስኩ ልገድለው ነበር። ልጄ በሰው ፊት ውሸታም አደረገችኝ ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው፣ ውሸታም ያደረገችኝ እሷ አይደለችም፤ ዋሽቼ ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረሁት አፍሬ ነው እንጂ ተቀይሜ አይደለም።»

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለ ሽታው ከተኛበት። «ለዚያውም ጣሪያ እያየሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ሀሚዱ ግን አልሳቀም። ሙጂባን ከጓዳ ጠራት። ስትመጣ፣ የቅሬው ሰው ሁሉ እያየ፣ ራሱን ዝቅ አደረገላት። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አላት።

ሙጂባ ይህን ቆማ ማየት አልቻለችም፤ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ አባባ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።»

ሀሚዱ በሁለት እጁ አነሣት። «ነርስ ሁኚ ብዬ አዝዤሽ ነበር። ትእዛዙን ወስጃለሁ። አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ይህን ጥያቄ ሙጂባ ከማንም ሰምታው አታውቅም። ጂዳ የላካት ደላላ አልጠየቃትም። የጂዳ ሰዎችም፣ የሐይቅ ከተማም አልጠየቋትም። መልሱን ግን ታውቀዋለች።

«መማር እፈልጋለሁ» አለች። «ነርስነት ነው የምፈልገው። ነገ ጧት ደሴ እሄዳለሁ፤ ግን ከመረቁኝ ነው።»

ሀሚዱ መዳፉን ዘረጋ። ስንት ሠርግ፣ ስንት ሐዘን የመረቀው አፉ ያን ዕለት አልታዘዝ አለው። ሽታው ቁስሉን በአንድ እጁ ደግፎ ከትራሱ ቀና አለ፤ ሌላውን እጁን ወደ ሙጂባ አንሥቶ «በእጅሽ ሰው ይትረፍ» ብሎ ጀመረለት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ።